ይሉኝታ የማያዋጣበት ሙያ፤ በኑክሌር ጣቢያ የጥራት መሐንዲስ ሆኜ ያየሁት

ኑክሌር ጣቢያ ነው የምሠራው ስል ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ጨረር ነበር። «አያስፈራም?» «ፀጉር አያረግፍም?» ቀኑን ሙሉ ምን ስሠራ እንደምውል ግን የሚጠይቅ አልነበረም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ነገሩ ተቀየረ። ምህንድስና የተማሩ የኛ ልጆች፣ እዚህ አሜሪካ ያሉትም አረብ አገር ያሉትም፣ እየደወሉ «ጋሼ፣ እዚያ ሥራ ውስጥ እንዴት ነው የሚገባው?» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ከሀ ከምጀምር አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

የጨረሩን ነገር ቶሎ ልዝጋው። በአሜሪካ ሕግ አንድ የኑክሌር ሠራተኛ በዓመት ከ50 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) በላይ መቀበል የለበትም። ኩባንያዎቹ ደግሞ ከዚያ ዝቅ ያለ የራሳቸው ጣሪያ አላቸው። ደረታችሁ ላይ መለኪያ ታደርጋላችሁ፣ ስትገቡና ስትወጡ ይነበባል፣ ይመዘገባል። የጥራት ሰው አብዛኛውን ቀን የሚያሳልፈው መጋዘን፣ ወርክሾፕና ቢሮ ነው። እኔን ከጨረር ይልቅ የጎዳኝ መሰላልና ስካፎልዲንግ ነው። ጉልበቴን ጠይቁት።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቄ በግንባታ ላይ ባለ ጣቢያ የብየዳ ተቆጣጣሪ ሆኜ ገባሁ። ቀጥሎ የጥራት ማረጋገጫ መሐንዲስ ሆንኩ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ለጣቢያዎች ዕቃ የሚያቀርቡ ፋብሪካዎችን የሚፈትሽ ዋና ኦዲተር ነበርኩ። ሦስቱ ሥራዎች የተለያዩ ናቸው። ተቆጣጣሪው ብየዳውን ያያል። የጥራት ማረጋገጫው ሰው ደግሞ ከብየዳው ጀርባ ያለውን ያያል። መመሪያው በትክክለኛው ሰው ጸድቋል? በያጁ የያዘው ፈቃድ ለዚህ ዓይነት ብየዳ ነው? ተቆጣጣሪው ራሱ የዓይን ምርመራው ጊዜው አላለፈም? ኦዲተሩ ደግሞ ይሄ ሁሉ ሥርዓት በወረቀት ብቻ ሳይሆን በተግባር መኖሩን ያያል።

ሁሉም የሚነሳው እ.ኤ.አ. በ1970 የአሜሪካ አቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ካወጣው አጭር ደንብ ነው። «አፔንዲክስ ቢ» ይባላል፤ 18 የጥራት ማረጋገጫ መስፈርቶች አሉት። ልጆቹ ሲደውሉ መጀመሪያ የምላቸው እሱን አንብቡ ነው። አንብበው ሲመልሱልኝ «ይሄማ የታወቀ ነገር ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው። ሥራን በጽሑፍ መመሪያ ሥሩ፣ ዕቃ ከየት እንደመጣ እወቁ፣ መለኪያችሁን አስፈትሹ፣ ጉድለት ስታገኙ መንስኤውን ፈልጉ ነው የሚለው። ችግሩ የታወቀውን ነገር ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት፣ ሃምሳ ሰው ቆሞ እየጠበቀ ማድረጉ ላይ ነው።

መመሪያ ለምን በጽሑፍ እንደሚያስፈልግ ለሚጠይቀኝ የብራውንስ ፌሪን ታሪክ እነግረዋለሁ። አላባማ ያለ የኑክሌር ጣቢያ ነው፤ እ.ኤ.አ. መጋቢት 22 ቀን 1975። ኬብሎች በግድግዳ አልፈው በሚሄዱበት ቀዳዳ በኩል አየር ይሾልክ እንደሆነ የሚፈትሹት በሻማ ነበር። ነበልባሉ ካዘነበለ አየር አለ ማለት ነው። የቀዳዳው መድፈኛ ደግሞ የሚቀጣጠል ፎም! ሻማው ፎሙን ለኮሰው፣ እሳቱ ሰባት ሰዓት ያህል ነደደ፣ ከ1,600 በላይ ኬብሎች ተጎዱ። ሁለት ሪአክተሮች በሙሉ ኃይል እየሠሩ ነበር። ከዚያ ከጥቂት ቀን በፊት እንዲሁ ትንሽ እሳት ተነስቶ በእጅ ጠፍቷል። እኔን ከሻማው በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። ሰው ትንሹን እሳት አጠፋና ወደ ሥራው ተመለሰ። ማንም ሥራው ይቁም አላለም።

አሁን ወደ ብየዳው ልውሰዳችሁ፤ እጅ የሚፈታው እዚያ ነው።

ለቱቦ ድጋፍ የሚሆን ብረት «7018» በሚባል ኤሌክትሮድ፣ ማለትም በብየዳ ዘንግ፣ እየተበየደ ነው እንበል። ጀማሪው ተቆጣጣሪ ቀጥ ብሎ ወደ ብየዳው ይሄዳል። እኔ መጀመሪያ የምሄደው ኤሌክትሮዱ ወደሚቀመጥበት የሙቀት ሳጥን ነው። ይሄ ኤሌክትሮድ እርጥበት አይወድም። ከእሽጉ ከወጣ በኋላ በ120 እና በ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ካልቆየ ከአየሩ እርጥበት ይስባል። እርጥበቱ ወደ ብየዳው ሃይድሮጅን ይዞ ይገባል። ብየዳው ላዩ አምሮ ታዩታላችሁ። ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ውስጡ ይሰነጠቃል። ተቆጣጣሪው ፈርሞ ሄዷል፣ ብረቱ ቀለም ተቀብቷል። ስለዚህ ሳጥኑ መሰካቱን አያለሁ። ሶኬቱን ነቅሎ ግራይንደር የሰካ ሰው መቼም አይጠፋም። አንዳንዴ ግራይንደሩ ቀርቶ የቡና ማፍያ ነው።

ቀጥሎ ብረቱ ላይ ያለውን ቁጥር እፈልጋለሁ። ፋብሪካው ብረቱን ያቀለጠበት የምድጃ ቁጥር ነው፤ «ሂት ነምበር» ይሉታል። በዚያ ቁጥር የብረቱን ኬሚካል ይዘትና ጥንካሬ የሚያሳየው የፋብሪካ ሰርተፊኬት ይገኛል። ረጅም ቱቦ ለሁለት ሲቆረጥ ግን ቁጥሩ የቀረው በአንዱ ቁራጭ ላይ ብቻ ነው። ከመቆረጡ በፊት ወደ ሌላኛው ካልተላለፈ ያ ቁራጭ እናት አባቱ የማይታወቅ ብረት ሆነ። ጥሩ ብረት ሊሆን ይችላል። ጥሩ መሆኑን የሚያስረዳ ግን የለም፤ ማስረጃ የሌለው ብረት ደግሞ ለደህንነት በሚያገለግል ቦታ አይገባም። መጋዘን ስትገቡ አዲሶቹን ቱቦዎች ትታችሁ ጥግ ላይ የተከመሩትን ቁርጥራጮች እዩ። የመጋዘኑ ባሕርይ የሚታወቀው በቁርጥራጩ ነው።

የማይዝግ ብረት ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከሱቅ በተገዛ ተራ ማርከር መጻፍ አይቻልም፤ ቀለሙ ውስጥ ክሎራይድ ካለ በሙቀት ጊዜ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ተራ ብረት ላይ ሲሠራ የነበረ የሽቦ ብሩሽም አይነካውም፤ የብረት ብናኝ ይተውበትና የማይዝገው መዛግ ይጀምራል። አንድ ሽማግሌ በያጅ ነበር፣ ብሩሾቹን በቀለም ለይቶ በየመሳቢያው የሚያስቀምጥ። «አንተ ስትመጣ ነው ወይስ ሁልጊዜ ነው?» ብዬ ስቀልድበት «አንተ ማን ነህና ለአንተ ብዬ?» አለኝ። ጥሩ በያጅ እንደዚህ ነው፤ ከተቆጣጣሪው በፊት ራሱን የሚቆጣጠር። እንደነዚህ ያሉትን ሰዎች አክብሩ፣ ጠይቁ፣ ከነሱ ተማሩ። ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ ነኝ ብላችሁ እንዳትኮፈሱባቸው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የኛ ልጆች በዚህ ሥራ የሚቸገሩት በእንግሊዝኛ ወይም በሒሳብ አይደለም። በይሉኝታ ነው። ያደግነው ታላቅን ላለማሳፈር፣ ያበላንን ላለማስቀየም ነው። እዚህ ደግሞ ሥራው ራሱ አብሯችሁ ምሳ የሚበላውን፣ ፀጉሩ የሸበተውን ሰው «ይቁም» ማለት ነው።

ጣቢያው ቆሞ የሪአክተሩ ነዳጅ በሚቀየርበት በአንድ ወቅት ሌሊት ፓምፕ ሊከደን ነበር። ከመከደኑ በፊት ውስጡ ንጹህ መሆኑን ተቆጣጣሪ አይቶ መፈረም አለበት። ይሄ «ሆልድ ፖይንት» ይባላል፤ ሳይፈረም አይታለፍም። ተቆጣጣሪው ሌላ ቦታ ነበርና ቀጣዩ እኔ ነበርኩ። ስደርስ ክዳኑ በክሬን ተንጠልጥሏል። ፎርማኑ ተቆጥቷል።

«ውስጡን ራሴ አይቼዋለሁ። ንጹህ ነው። ጠዋት ትፈርማለህ» አለኝ።

«አምንሃለሁ» አልኩት። «ግን ወረቀቱ ላይ የሚቀመጠው የኔ ስም ነው። ሳላይ አልፈርምም።»

«ስንት ሰው ቆሞ እንደሚጠብቅ አታይም?»

«አያለሁ። መብራት አምጡልኝ፣ ቶሎ እጨርሳለሁ።»

ክዳኑ ወደ ጎን ተደረገ። ገባሁ፣ አየሁ። ምንም አልነበረበትም። ጥርት ያለ ንጹህ። ፈረምኩ፣ ተከደነ። ፎርማኑ «አላልኩህም?» የሚል ፊት አሳየኝ።

ይሄን የምነግራችሁ ሆን ብዬ ነው። በዚህ ሙያ የሚወራው ጀብዱ ሁሉ ሰው ያቆመበት ቦታ ጨርቅ ወይም መፍቻ ተገኘ የሚል ነው። እውነታው ግን ካቆማችሁት አስር ሥራ ዘጠኙ ንጹህ ሆኖ ይገኛል፣ እናንተም የተንቀባረራችሁ ትመስላላችሁ። እሱን መቻል ነው ሥራው። «አላፈርኩም ወይ?» ብሎ የሚያስብ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሳያይ ይፈርማል።

እኔን የረዱኝ ጥቂት ነገሮች አሉ። ሰውየውን ከሠራተኞቹ ፊት አልናገረውም፤ ወደ ጎን እጠራዋለሁ። «ተሳስተሃል» አልለውም። መመሪያውን ከፍቼ «ይሄን የሚፈቅደው የትኛው መስመር ነው? አሳየኝና ልሂድ» እለዋለሁ። ብዙ ጊዜ እሱ ራሱ አንብቦ ዝም ይላል። አንዳንዴ ደግሞ መመሪያው ራሱ የማይረባ ሆኖ ይገኛል። ያኔ መመሪያው በወጉ ይቀየራል፤ መሐንዲሱ ይጠራል፣ ይገመገማል፣ ይጸድቃል፣ ሥራው ይቀጥላል። እንዲህ ስታደርጉለት ሰው የእልህ ነገር አይሆንበትም። መውጫ ሰጣችሁታላ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሕጉ ከናንተ ጋር ነው። የአፔንዲክስ ቢ የመጀመሪያው መስፈርት የጥራት ሰው ከወጪና ከጊዜ ሰሌዳ ጫና ነጻ እንዲሆን ያዛል። የደህንነት ጉዳይ አንስታችሁ አሠሪ ቢበቀላችሁ በ180 ቀን ውስጥ ለፌዴራል የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ማመልከት ትችላላችሁ። ብዙ ሰው ይሄን ቀነ ገደብ ሳያውቅ ያልፈዋል።

ሌላው የሚያድናችሁ ጽሑፍ ነው። የጥራት ሰው ዋጋው የሚለካው በሚጽፈው ነው። ጀማሪ ኦዲተር «መጋዘኑ የተዝረከረከ ነው፣ ሠራተኞቹም ግድ የላቸውም» ብሎ ይጽፋል። ይሄ ጠብ ብቻ ነው የሚያመጣው። እንዲህ ጻፉ፦ መመሪያው በዚህ አንቀጽ ኤሌክትሮድ ከ120 ዲግሪ በላይ እንዲቀመጥ ያዛል፤ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ይህ ቁጥር ያለው ሳጥን 60 ዲግሪ ያሳይ ነበር። በቃ። የታዘዘው፣ የታየው። «ምናልባት»፣ «ይመስላል»፣ «ሁልጊዜም» የሚሉትን አውጡ። ስለ ሰው ጠባይ አንድም ቃል አይግባ። ስታርሙም ፍሉይድ አትቀቡ። በአንድ መስመር ሰርዙ፣ አጭር ፊርማና ቀን አኑሩበት። የተሰረዘው መነበብ አለበት።

ወረቀት ወረቀት የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ኦሃዮ ውስጥ ዚመር የሚባል ጣቢያ ነበር። 97 በመቶ ተሠርቶ ነበር። የጥራት ማረጋገጫ ሥርዓቱ ፈርሶ ነበርና ስለ ብየዳውና ስለ ብረቱ የሚቀርበው ማስረጃ አላሳመነም። የአሜሪካ ኑክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ ለደህንነት የሚያገለግሉ ክፍሎችን ግንባታ አስቆመ። በ1984 ባለቤቶቹ ተስፋ ቆርጠው ወደ ድንጋይ ከሰል ጣቢያ ሊቀይሩት ወሰኑ። እኔ ሥራ ስጀምር ያ ታሪክ ትኩስ ነበር፤ አለቆቻችን ስለ ፋይል ሲቆጡን «ዚመር» ማለት ብቻ ይበቃቸው ነበር።

የፋብሪካ ኦዲት ደግሞ ለብቻው ዓለም ነው። አቀባበል አለው፣ ቡና አለው፣ ጥሩ ምሳ አለው፤ ይሉኝታም አብሮ ይቀርባል። እኔ ምሳዬን ራሴ ነበር የምከፍለው። ፋይሉን ሲያመጡላችሁ በቅደም ተከተል ያዘጋጁትን አትቀበሉ። ራሳችሁ ምረጡ። ከዚያ ሁለት ለየብቻ የተያዙ መዝገቦችን አጋጩ። ስሙን በማልጠራው አንድ ወርክሾፕ የፍተሻ ሪፖርቶቹ እንከን አልነበራቸውም። ከዚያ የመለኪያ መሣሪያዎቹን መዝገብ ጠየቅኩ። በሪፖርቱ ላይ ቁጥሩ የተጻፈው ማይክሮሜትር በዚያ ሳምንት ለካሊብሬሽን፣ ማለትም በትክክል መለካቱ እንዲፈተሽ፣ ሌላ ከተማ ተልኮ ነበር። ታዲያ በምን ለኩ? የፈረመው ልጅ አንገቱን ደፋ። የሚዋሽ ሰው ብዙውን ጊዜ አንዱን መዝገብ ነው የሚያሳምረው፤ ሁለተኛውን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው። ይሄ በትንሽ ወርክሾፕ ብቻ የሚሆን እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ መለዋወጫዎች በሀሰተኛ ሰርተፊኬት መግባታቸው ታውቆ ሁለት ሪአክተሮች እንዲቆሙ ተደርጓል። በዓመቱ ደግሞ የኬብል ፍተሻ ውጤቶች ተጭበርብረው ተገኙ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የተገኘ ጉድለት እስከ ሥሩ እንዲታረም ማድረግ ነው። ዴቪስ ቤሲን ፈልጋችሁ አንብቡ፤ ይሄም ኦሃዮ ያለ ጣቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የሪአክተሩ ክዳን ላይ ጉድጓድ ተገኘ። ከተሰነጠቀ ቱቦ ከሪአክተሩ ውሃ ጋር የሾለከ ቦሪክ አሲድ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆነውን ብረት በልቶ ጨርሶ፣ ግፊቱን ተሸክሞ የቀረው 1 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ የማይዝግ ሽፋን ብቻ ነበር። ምልክቱ አልታየም ማለት አይቻልም። የአየር ናሙና የሚወስዱ ማጣሪያዎች በዝገት ብናኝ ቶሎ ቶሎ ይደፈኑ ነበር። ሠራተኛው ይቀይራቸዋል፣ ይመዘግባል፣ እንደገና ይደፈናሉ። ዝገቱ ከየት መጣ ብሎ እስከ መጨረሻው የተከተለው አልነበረም። ማጣሪያ መቀየር ጉድለቱን ማረም አይደለም። «ተስተካክሏል» የሚል ወረቀት ሲመጣላችሁ «ምኑ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን መግቢያውን ልንገራችሁ። በቀጥታ የጥራት መሐንዲስ ሆኖ መግባት ከባድ ነው። ብየዳ ቁጥጥር ወይም ያለማፍረስ ፍተሻ (ዕቃውን ሳይጎዱ ጉድለቱን መፈለግ) ተምራችሁ ግቡ፤ አልትራሳውንድ፣ ራጅ፣ ቀለም አስርጎ ስንጥቅ ማየት፣ እነዚህ ደረጃ አላቸው፣ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ስትደርሱ ሥራ ፈልጎ ይመጣል። ዋና ኦዲተር ለመሆን «ኤን ኪው ኤ 1» የሚባለው የአሜሪካ የኑክሌር ጥራት ማረጋገጫ ደረጃ የትምህርትና የልምድ ነጥብ፣ ፈተና፣ በሦስት ዓመት ውስጥም ቢያንስ አምስት ኦዲት ላይ መሳተፍ ይጠይቃል። የራሳችሁን ሥራ ግን ኦዲት ማድረግ አትችሉም።

ወደ ጣቢያው ለመግባት የጣት አሻራ፣ የሥራና የብድር ታሪክ፣ የሥነ ልቦና ፈተና ይጠብቃችኋል። እዚህ ላይ የኛ ሰው የሚደናቀፈው በስም ነው። አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ የስሙ አጻጻፍ በየሰነዱ ይለያያል፤ የልደት ቀኑ ከእኛ አቆጣጠር ሲመለስ ዓመት ያዛባል። መርማሪው ይሄን አያውቅም፣ የደበቃችሁት ነገር ያለ ይመስለዋል። አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስረዱ። የአልኮልና የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራውም ሳይነገራችሁ በድንገት ነው። ጫት እዚህ አገር በሕግ የተከለከለ መሆኑን ለማስታወስ ያህል ብቻ።

ቤተሰብ ላላችሁ ደግሞ ይሄን እወቁ። ነዳጅ የሚቀየረው በየ18 ወይም በየ24 ወሩ ሲሆን የኤሌክትሪክ ፍላጎት በሚቀንስበት በጸደይና በመኸር ነው የሚመደበው። ፋሲካና መስቀል ማለት ነው! ፈረቃው 12 ሰዓት ነው። ባለቤቴ ዶሮውን ሠርታ በረዶ ቤት ታስቀምጥልኝ ነበር፣ እኔ ፆሙን የምፈታው ሞቴል ውስጥ በማይክሮዌቭ ነው። ልጆቹ ለምደውት ነበር፤ እኔ አልለመድኩትም።

አገር ቤት ላላችሁ ከድሮው የተሻለ በር አለ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ኢትዮጵያ ከሩሲያው መንግሥታዊ የኑክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር የኑክሌር ጣቢያ ለመገንባት የሚያስችል የሥራ ዕቅድ ሞስኮ ላይ ተፈራርማለች። ግብፅ ኤል ዳባ ላይ አራት ሪአክተሮች እየገነባች ነው። አረብ አገር ላላችሁም የኤምሬቶቹ የባራካ ጣቢያ አራቱም ሪአክተሮች ሥራ ላይ ናቸው፤ ለጣቢያው ዕቃና አገልግሎት የሚያቀርቡ ኩባንያዎችም የጥራት ሰው ይፈልጋሉ። ሪአክተር ከመገንባቱ በፊት የሚያስፈልገው ኮንክሪቱን፣ ብረቱንና ፋይሉን የሚቆጣጠር ሰው ነው። ስለዚህ አሁን በስሚንቶ ፋብሪካም፣ በግድብም፣ በአውሮፕላን ጥገናም የምትሠሩ ከሆነ የምትይዙት መዝገብ ከወዲሁ ልምድ ነው፤ ሲቪያችሁ ላይ በደንብ ጻፉት።

አፔንዲክስ ቢ በአሜሪካው ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኃይል ኤጀንሲም የደህንነት ደረጃዎቹን በነጻ ነው የሚሰጠው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን፣ ስለ ደህንነት አመራር የሚናገረውን «ጂ ኤስ አር ክፍል 2» አብራችሁ አውርዱ። ከመደወላችሁ በፊት ሁለቱን አንብቡ፤ ጥያቄያችሁን በአንቀጽ ቁጥር ይዛችሁ ኑ።